የካምቢዮው ሙቀት

እሑድ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጨረሻውን ዕቃ ዛሬ ከካዛንቺስ አወጣሁ። ሠፈሩ ለልማት እየፈረሰ ነው፤ በእኛ ረድፍ የቀረነው እኔና የጎረቤት ድመት ብቻ ነበርን። አዲሱ ቤቴ ቂርቆስ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለ የኪራይ ግቢ ሁለት ክፍል። ለአንድ ጡረተኛ ይበቃል።

መግባቴ ግን አላማረም። ፒካፕ መኪናዬ ዳገቱ ላይ የተቃጠለ ሽታ ሸተተችኝ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ አትሄድም። የግቢው በር ላይ ስትደርስ ጭራሽ ቆመች። ጎረቤቶች ወጥተው ሊገፉልኝ ተሰለፉ። ገፉ፣ ገፉ፣ ንቅንቅ የለም። ከኋላ የሴት ድምፅ ሰማሁ፦ «ፎሌ ሳያስገቡ ነው እንዴ የሚያስገፉን?»

እውነትም ማርሹን አላወጣሁትም።

ሴትየዋ ወይዘሮ ጀማነሽ ይባላሉ። የፊዚክስ መምህርት ነበሩ፣ አሁን እንደኔ ጡረታ ላይ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ከፊት ለፊቴ ካለው ቤት ነው የሚኖሩት። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ መዋረድ! አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው ነበር።

የአስቻለች ቁም ሳጥን በበሩ አልገባም። በቁሙም ሞከርን፣ በጎኑም ሞከርን። የዋንዛ እንጨት ነው፤ ስንጋባ አባቷ ያሠሩላት። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፈ፤ እኔ ግን ዕቃዋን የምጥል ሰው አይደለሁም። ግቢው ጥግ በሸራ ሸፍኜ አቆምኩት።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 28

ላንቻ፣ ሊካሳ ጋራዥ ነበርኩ። የካምቢዮው ዘይት እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ውስጡ ተቃጥሏል፣ ግን ይድናል። ወገቤን አሞኛል። ልጄ አሉላ ሁለቴ ደወለ፣ አላነሳሁም። ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ሽጣት ነው የሚለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

መኪናዬ ከጋራዥ ወጣች። ሊካሳ ቁልፉን ሲሰጠኝ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚገድለው ሙቀት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተሩን ሙቀት እንጂ የካምቢዮውን አይነግርዎትም። የካምቢዮ ሙቀት መለኪያ ጌጅ ይግጠሙላት። አለበለዚያ ጭነት ይዘው ዳገት እንዳይወጡ። ሁለተኛ ከተቃጠለች እኔም አልችልም።»

ልጄ አሉላ ከሥራው ከኦሎምፒያ መጥቶ ነበር። ሚስቱ ልደትም አብራው ነበረች። እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቀስ ብሎ ሲነግራት ሰማሁት፦ «አባባ እማዬ ከሞተች ወዲህ ይቺን መኪና አግብቷል።» ልደት «እስቲ ተወው፣ ደስ ይበለው» አለችው። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ገባሁ። መኪና ማን ያገባል? ግን የሆነ ነገር መንከባከብ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ለልጅ እንዴት ያስረዱታል?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሴት ልጅ! ልጄ ራሕዋ ሴት ልጅ ወለደች! ጨንቻ፣ በሰላም። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ግቢው ሁሉ እልል አለ። ወይዘሮ ጀማነሽ ሦስት ጊዜ እልል አሉ፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ወጣት ይመስላል።

ያው ቀን፣ ማታ

አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው። ራሕዋ ራሷ ደወለችልኝ። ከምታስተምርበት ከጨንቻ መውጣት ስለማትችል ክርስትናው እዚያው ነው፤ ሰማንያው ቀን የካቲት 2 ላይ ይውላል። «አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችኝ። «የእማዬን ቁም ሳጥን አምጣልኝ። የልጄን ልብስ እዚያ ውስጥ ማጠፍ እፈልጋለሁ።»

እሺ አልኳት። ምን ልበል?

እንግዲህ ጨንቻ ማለት ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ደመና ውስጥ መግባት ነው። የዋንዛ ቁም ሳጥን ተጭኖ። ሊካሳ «እንዳይወጡ» ያለኝ ዳገት ቢኖር ይኸው ነው። አሉላ «በጭነት መኪና ይላክ፣ አንተ ከኛ ጋር በአውሮፕላን ትሄዳለህ» ይላል። የናቷን ዕቃ ለማላውቀው ሹፌር አልሰጥም። ጌጁን እገጥማለሁ። ራሴ እገጥማለሁ። ለስንት ዓመት የመንገድ ንድፍ የሳልኩ ሰው ሦስት ሽቦ አያቅተኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ጌጁ ተገዛ። ክብ ነው፣ መርፌ ያለው፤ ከእጅ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከዘይቱ ጋር የሚገናኝ ሴንሰር አለው። መመሪያው ሳይገጠም በፊት በፈላ ውሃ ሞክሩት ይላል። ለዚህ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ያስፈልግ ስለነበር ብቻ ወይዘሮ ጀማነሽ ጋ ሄድኩ። ከትምህርት ቤት ዘመናቸው የቀረ ቴስተር አላቸው። ሸሚዝ የቀየርኩት የበፊቱ ቆሽሾ ስለነበር ነው።

እሳቸው ማንቆርቆሪያ ጣዱ፣ እኔ ሽቦውን ከባትሪ ጋር አገናኘሁ። ውሃው ተንተከተከ። ሴንሰሩን ነከርነው። መርፌው ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ዘጠና ሁለት አካባቢ ላይ ቆመ። ጠበቅን። አልነቃነቅ አለ።

«ተበላሽቷል» አልኩ። «ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው። አጭበርብረውኛል!»

ወይዘሮ ጀማነሽ መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ አልቻሉም፣ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አቶ ወልደአረጋይ፣ በመቶ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው።»

«ባሕር ዳር ሄጄ ልሞክረው?»

«ኧረ እሷም ከፍ ያለች ናት! የጨው ባሕር ዳር ነው የምልዎት። አዲስ አበባ ተራራ ላይ አይደለችም እንዴ? አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ ውሃ በዘጠና ሁለት ይፈላል። ጌጅዎ እውነቱን ነው የተናገረው።»

እኔም ሳቅ ያዘኝ። ተማሪዎቻቸው ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ይሳሳቱት እንደነበር ነገሩኝ፤ እኔም አንድ ዓመት ወድቄበት እንደነበር አስታወስኩና ነገርኳቸው። የፈላው ውሃ እንዳይባክን ሻይ አፈላንበት። ቀረፋ ያበዙበታል። ከዚህ በፊት ቀረፋ አልወድም ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ጠዋት ላንቻ። ሊካሳ ሴንሰሩን ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር በሚሄደው ቱቦ ላይ አስገባልኝ። ሽቦውን ግን እኔ እዘረጋለሁ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ። እጄ በዘይት ጠቁሯል፣ ብዕሩም ጠቁሯል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዳዳ በሳሁ። ወይዘሮ ጀማነሽ ናስትሮ ይቆርጡልኛል፣ ፒንሳ ያቀብሉኛል። ሽቦውን ከሞተሩ ወደ ውስጥ ማሾለኩ ብቻ ግማሽ ቀን በላ። አንዱ ጫፍ ከእኔ፣ ሌላው ከእሳቸው፤ እንደ ዓሣ አጥማጅ «ያዝኩት!» «አመለጠኝ!» ስንባባል ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ወጥቶ አየን።

ቁልፉን አዞርኩ። መብራቱ በራ። መርፌው ሞቷል። ሞተሩ ቢሞቅም መርፌው ያው።

ተናድጄ ካቻቢቴውን ወረወርኩ። አሳፋሪ ነው። ወይዘሮ ጀማነሽ ካቻቢቴውን አንሥተው፣ ጠርገው፣ ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ አስገቡትና «ነገ ከቅዳሴ ስንወጣ እናየዋለን» ብለው ሄዱ። «እናየዋለን» ነው ያሉት። «ያዩታል» አላሉም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ተሠራ! ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላቸውን ሳይቀይሩ ቴስተሩን ይዘው መጡ። ሽቦውን በሙሉ ለኩ፣ ደህና ነው። ከዚያ «ሴንሰሩ ሲገባ ጥርሱ ላይ ነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልሎበት ነበር?» አሉኝ። አዎ፣ ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብዬ ሊካሳን በግድ ያስጠቀለልኩት እኔ ነኝ።

«ያ ነው» አሉ። «ሴንሰሩ በአካሉ ብረቱን መንካት አለበት፤ ኔጌቲቩን የሚያገኘው ከብረቱ ነው። እርስዎ ብርድ ልብስ አለበሱት!»

ክሪክ አስገብቼ፣ ጉማጅ እንጨት ደግፌ ሥሯ ገባሁ። ፕላስቲኩን አወጣሁ። ዘይት ደረቴ ላይ ፈሰሰ። «ያስነሡ!» ብዬ ጮህኩ፣ እሳቸው አስነሡ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ጩኸት ሰማሁ፦ «ተንቀሳቀሰ! አቶ ወልደአረጋይ፣ ይወጣል፣ ይወጣል!» ስነሣ ግንባሬን ከመኪናው ጋር አጋጨሁት። አላመመኝም። ሁለታችንም መርፌውን እንደ አዲስ ሕፃን አጎንብሰን አየነው። ፀጉራቸው የሎሚ ሽታ አለው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ቧንቧው ጋ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ፦ «እነዚህ ሰዎች መኪና ነው የሚሠሩት ወይስ…» አሉና እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ወይስ ምን? መኪና ነው የምንሠራው። ሰው ለምን ቀና አያስብም?

ቁም ሳጥኑን ሸራውን ገልጬ አየሁት። ዝናብ አልነካውም። ብዙ ቆሜ ቀረሁ። አስቻለች ብትኖር ምን ትል ነበር? ምን የምትለው ነገር አለ? ምንም የተደረገ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ሙከራ፣ እንጦጦ። ቁም ሳጥኑን ጭነን ዳገቱን ልንወጣ። እኔ መንገዱን ሳይ መርፌውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወይዘሮ ጀማነሽ አብረውኝ ሄዱ። የሄዱት ለዚህ ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፈን ሽቅብ ስንይዝ መርፌውን እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ያስተላልፉልኝ ጀመር። «ሰማንያ አምስት… ዘጠና… ፍጥነት ይቀንሱ… ዘጠና አምስት… ይቺ ጠመዝማዛ መጥፎ ናት… መቶ! መቶ አለፈ!» ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ማርሹን ፎሌ አድርጌ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ብርቱካን ይዛ ነበር። ልጣጩን ሳይቆረጥ እንደ ገመድ አድርጋ ትልጠዋለች። ከተማው ከታች ተዘርግቷል። ካዛንቺስን ፈለግሁ፤ ሕንፃና ባዶ ቦታ እንጂ የማውቀው ጣሪያ የለም። «የትኛው ጋ ነበር ቤትዎ?» አለች። በጣቴ አሳየኋት። «እኔ አላየሁትም፤ ይንገሩኝ» አለች። ነገርኳት። የግቢውን ኮክ ዛፍ፣ ልጆቹ ቁመታቸውን የለኩበትን ግድግዳ፣ አስቻለች መስኮቱ ሥር የተከለችውን ጤና አዳም። ስለ አስቻለች ሳወራ ፊቷን አላዞረችም፣ አልቸኮለችም። ስጨርስ ግማሹን ብርቱካን ሰጠችኝ።

ከላይ ያለውን መልሼ ሳነበው «አለች»፣ «ሰጠችኝ» ብዬ ጽፌአለሁ። «አሉ» ማለት ነበረብኝ። ልሰርዘው አሰብኩና ተውኩት፤ ገጹ ይበላሻል።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ጥምቀት በሰላም አለፈ። አሉላ ከልደት ጋር መጣ። ተጣላን።

«ያን ሁሉ መንገድ ብቻህን?»

«ብቻዬን አይደለሁም። ወይዘሮ ጀማነሽ መርፌውን ታይልኛለች። የአባያንና የጫሞን ሐይቅ አይታ አታውቅም።»

አሉላ ልደትን አየ፤ ከዚያ እኔን። «መርፌውን» አለ።

«መርፌውን።»

ልደት እጁን ይዛ «በቃ አሉላ፣ ሁለት ሰው ከአንድ ይሻላል» አለችው። ጎበዝ ምራት አለችኝ። በር ላይ ስትሰናበተኝ «አባባ፣ ሰማያዊውን ኮት ይዘህ ሂድ፣ ያምርብሃል» አለችኝ። ለጨንቻ ብርድ ማሰቧ ነው።

ኀሙስ፣ ጥር 29፣ ሶዶ

ደክሞኛል፣ አጭር ነው የምጽፈው። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና አድርገን መጣን። መኪናዋ እንደ ሙሽራ። ሁለት ክፍል ያዝን፣ የእሷ አንደኛ ፎቅ፣ የእኔ ምድር ቤት። ቀኑን ሙሉ አወራን፣ መንገዱ አጠረ። የሐይቁን ዳርቻ ነገ እናያለን። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የመንገዱ ድካም ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥር 30፣ ጨንቻ

ደረስን! ጀማነሽ ሁለቱን ሐይቆች ከላይ ስታይ «በካርታ ላይ ብቻ ሳያቸው ኖሬ» አለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ዳገቱ እንደፈራሁት ነበር። ደመናው ወርዶ መንገዱን ሸፈነው፣ ጭቃም አለ። «መቶ አምስት… መቶ አሥር…» ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። መቶ አሥራ አምስት ስትል ሜዳ አግኝቼ ቆምኩ። አርባ ምንጭ ድረስ የጠፋው ብርድ እዚህ ተመልሷል። ሰማያዊውን ኮት አውልቄ አለበስኳት። መርፌው እስኪወርድ ተቀመጥን። ሁለት ጊዜ እንዲህ አረፍን፣ በሁለተኛው ጊዜ መርፌው ወርዶ ዘጠና ከደረሰ በኋላም እኔ አላስነሣሁም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ቁም ሳጥኑ በራሕዋ በር ሰተት ብሎ ገባ። ልጄ የናቷን መደርደሪያ በእጇ እየዳሰሰች አለቀሰች፣ ሳቀች። የልጅ ልጄን አቀፍኳት። አፍንጫዋ የአስቻለች ነው። ለጀማነሽ ሰጠኋት፤ እቅፏ ውስጥ ተኛች። ጌጁ አላሳፈረንም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

የዛሬውን ለመጻፍ ያሳፍራል። ቢሆንም ልጻፈው።

አሉላና ልደት በአውሮፕላን መጥተው አመሻሹ ላይ ሁላችንም ራት ላይ ነበርን። የሕፃኗ ክርስትና እናት ትሆናለች የተባለችው የራሕዋ ጓደኛ አባቷ ታመው ድንገት ወደ ወላይታ ሄዳለች። ክርስትናው ነገ ነው። ራሕዋ ተጨንቃ ቆየችና ፊቷ በራ። ወደ ጀማነሽ ዞራ እጇን ያዘች።

«እትዬ ጀማነሽ፣ ክርስትና እናት ይሁኑልኝ። ልጄ እቅፍዎ ውስጥ እንዴት እንደምትተኛ አይቻለሁ። እባክዎ።»

«አይሆንም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ ነበር። ተነሥቼ ቆሜአለሁ፣ ወንበሩ ከኋላዬ ወድቋል።

ሁሉም አፉን ከፍቶ አየኝ።

«አባባ፣ ለምን?» አለች ራሕዋ። ተከፍታለች።

«መንገድ… ደክሟታል።»

«ነገ እኮ ነው። ያርፋሉ።»

«ነገሩ ቀላል አይደለም። ክርስትና እናት ማለት ዘመድ መሆን ነው። የቤቱ ዘመድ።»

«ታዲያ ዘመድ ቢሆኑን ምን ክፋት አለው?» አለ አሉላ።

ዓይኔን ወጡ ላይ ተከልኩ። ልደት አንገቷን ደፍታ፣ ለራሕዋ ብቻ የምትናገር መስላ፣ ግን ሁላችንም እየሰማናት፦ «ራሑ፣ ክርስትና ካነሡ እኮ ከዚህ ቤት ሰው ጋር መጋባት አይፈቀድላቸውም።»

«ከዚህ ቤት ደግሞ ከማን ጋር ነው የሚጋ…» አለ አሉላ፤ አልጨረሰውም። አየኝ። ጀማነሽ የለበሰችውን ሰማያዊ ኮት አየ። እንደገና አየኝ። «ውይ» አለ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጀማነሽ ሕፃኗን አቅፋ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ፈገግታዋ ከዓይኗ ነው የጀመረው።

«ወልደአረጋይ» አለች፣ «ተቀመጥ። ወጡ ይቀዘቅዛል።»

ተቀመጥ። «ይቀመጡ» አላለችም። «አቶ»ም የለ። አስቻለች ካረፈች ወዲህ ከልጆቼ በቀር አንተ ያለኝ ሰው የለም። አሉላ ወንበሩን አነሣልኝ። ተቀመጥኩ። ራሕዋ መጀመሪያ በእጇ አፏን ሸፈነች፣ ቀጥሎ እንደ ልጅነቷ ተንከትክታ ሳቀች፣ ተከትላት ልደት፣ በመጨረሻ አሉላ። እኔም ሳቅኩ። ምን እንደበላሁ አላውቅም።

እሑድ፣ የካቲት 2

ልጅቷ ተጠመቀች። ክርስትና እናት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ሆኑ፤ በደስታ ነው እሺ ያሉት። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ጮኸች፤ ካህኑ «ጤነኛ ናት» ብለው ሳቁ። ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ጭፈራ። እኔም ጨፈርኩ፣ ጉልበቴ ነገ ይነግረኛል። አሉላ ትከሻዬን አቅፎ በጆሮዬ፦ «አባባ፣ እማዬም ብትሆን ብቻህን እንድትኖር አትፈልግም ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልቅሼ ከሆነ ከወጥ ቤቱ ጭስ ነው አልልም።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት ጭጋጉ ሳይገለጥ ጀማነሽ ደጅ ቆማ ነበር። ሄድኩ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ዕድሜያችንን፣ ብቸኝነትን፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚያነሣ፤ መጀመሪያ፣ መሐል፣ መጨረሻ ያለው። አንዱም አልመጣልኝም።

«ታገቢኛለሽ?» አልኳት። በቃ፣ ይኸው።

እጇን ከኮቱ ኪስ አወጣችና እጄን ያዘች። ብርድ ነበረ፣ እጇ ግን ሞቃት ነው።

«አዎ» አለች። «ምን ያህል እንደምትቆይ ሳስብ ነበር።»

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን እንጃ። አንድ ሰውዬ ቀርቀሃ ተሸክሞ ሲያልፍ ሰላም አለን፤ እጇን ሳልለቅ ሰላም አልኩት። ከዚያ ጭንቀት መጣብኝ።

«ልጆቹ» አልኩ። «ለልጆቹ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?»

«ቅዳሜ ወንበር ገልብጠህ ነግረሃቸዋል» አለችና እየሳቀች ወደ ቤት ጎተተችኝ።